ከታደለ ጀርባ የመጣችው ዝሆን

ያን ሰሞን ከባለቤቴ ልለይ ወስኜ ነበር። ውሳኔዬን የምታውቀው አሌክሳንድሪያ የምትኖረው ታላቅ እህቴ አስካለ ብቻ ነበረች። ልጆቿ አድገው የወጡበትን መኝታ ቤት አጽድታ፣ አልጋውን አንጥፋ፣ «የመጣሽ ቀን ቁልፉን እሰጥሻለሁ፤ ነይም አትምጪም ግን አልልሽም» ብላኛለች። እኛ የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ትራፊክ ከሌለ በሁለቱ ቤቶች መሀል ያለው መንገድ ሩቅ አይደለም። እኔ ግን ዓመት ሙሉ ሳልደፍረው ቆየሁ።

ምክንያቴን መናገር ያሳፍረኝ ነበር። ታደለ አይጠጣም፤ እጁን አንስቶብኝ አያውቅም፤ ደሞዙን አይደብቅም። ጎረቤቱም የማኅበሩ ሰውም ጨዋነቱን ይመሰክርለታል። ታዲያ «ለምን ትፈቺዋለሽ?» ብትሉኝ መልሴ አንድ ነበር። አያዋራኝም።

ኩሽና ሆኜ ስጠራው መልስ የለም። እራት ላይ የዋልኩበትን ስነግረው ሳህኑን እያየ «እህ» ይላል። «ሐሙስ ሐኪም ጋ ታደርሰኛለህ?» ስለው «እሺ፣ ጥሩ ነው» ይለኛል፤ ሐሙስ ጠዋት ስነሳ መኪናውን ይዞ ሄዷል። ማታ ስቆጣው ደግሞ «መቼ ነገርሽኝ?» ብሎ ያፈጥብኛል። ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ጓደኞቹ ቤት የመጡ ቀን ነው። ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ተቀምጦ ሲጫወት፣ ሲስቅ፣ አልፎ አልፎም ሲከራከር አየዋለሁ። እነሱ ሲያወሩ ይሰማል፤ እኔ ሳወራ አይሰማም። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይምጣልኝ? ሰውዬው የሰለቸው ወሬ ሳይሆን የእኔ ወሬ ነው ብዬ ደመደምኩ።

እኔ ሥራዬ ሆም ኬር ነው። በየቤታቸው እየዞርኩ አቅም ያነሳቸውን አዛውንቶች አጥባለሁ፣ አበላለሁ፣ መድኃኒታቸውን አስታውሳቸዋለሁ። እሱ አርሊንግተን ውስጥ ከኤርፖርት ወደ ሆቴሎች የሚመላለስ ሻትል ይነዳል። ሁለታችንም ደክሞን ነው የምንገባው። መጀመሪያ ድካም ነው ብዬ አለፍኩት። ቆይቶ ንቀት መሰለኝ። በመጨረሻ ምንም ቢመስለኝ ግድ የማይሰጠኝ ደረጃ ደረስኩ፤ ይሄኛው ነው እንድወስን ያደረገኝ።

አንዲት ልጃችን ሊድያ ለሥራ ሲንጋፖር ከሄደች ቆይታለች። የጋብቻችን ሠላሳኛ ዓመት ሲደርስ የአውሮፕላን ትኬት ላከችልን። እሷ ጋ ከሰነበትን በኋላ ከዚያው ከሲንጋፖር በሚነሳ መርከብ ለሁለታችን ብቻ ሽርሽር አዘጋጅታ ነበር። ሰበብ ስደረድርባት፣ «ማሚ፣ ጀስት ጎ። ዝም ብላችሁ ሂዱ። ዩ ጋይዝ ኒቨር ጎ ኤኒዌር፤ የትም ሄዳችሁ አታውቁም እኮ» አለችኝ።

እኔም በልቤ «ይሁን፣ እዚያ እነግረዋለሁ» አልኩ። ቤት ብነግረው በማግስቱ ሽማግሌ ይልክብኛል። የንስሐ አባታችን ይመጣሉ፣ የክርስትና እናቴ ታለቅሳለች፣ ስፕሪንግፊልድ ያሉት ዘመዶቹ ሁሉ ሳሎኔን ይሞሉታል። ባሕር ላይ ሽማግሌ የለም።

መርከቡ ላይ ግን ቁም ነገር የሚወራበት ቦታ ጠፋ። ምግብ አዳራሹ ሙዚቃ፣ መዋኛው ሙዚቃ፣ ሊፍቱ ሳይቀር ሙዚቃ ነው። ታደለ ሰው በሳቀ ቁጥር ፈገግ እያለ ይቀመጣል። አንድ ሁለቴ ልጀምር አፌን ከፍቼ ተውኩት። መርከቡ ታይላንድ፣ ፑኬት የምትባል ደሴት ዳር በቆመበት ጠዋት፣ ዛሬ ሳልነግረው አልመለስም ብዬ ተነሳሁ። ሊድያ ለዚያ ቀን ዝሆኖች የሚጠለሉበትን ስፍራ እንድንጎበኝ አስይዛልን ነበር። ግንድ ሲጎትቱና ቱሪስት ሲሸከሙ ኖረው ያረጁ ዝሆኖች የሚጦሩበት ቦታ ነው።

ቀኑ ከጠዋቱ ተበላሸ። እኔ ሻወር ውስጥ ሳለሁ በክፍላችን ድምፅ ማጉያ ማስታወቂያ ሲነገር በውሃው መሀል ይሰማኛል፤ ቃሉን ግን አልለየሁትም። ወጥቼ «ምን አሉ?» ብዬ ጠየቅሁት። ታደለ ጫማውን እያሰረ «ደርሻለሁ» አለኝ። ያልጠየቅሁትን ነው የመለሰልኝ፤ ለምጄዋለሁና አለፍኩት። ተሰብሰቡ ወደተባልንበት ቲያትር አዳራሽ ስንወርድ ሰው የለም። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ናት መሰብሰቢያው ወደ ላይኛው ፎቅ መዛወሩን የነገረችን።

«ክፍል ውስጥ ተቀምጠህ ነበር እኮ» አልኩት እየሮጥን።

«ነበርኩ።»

«ታዲያ ማስታወቂያውን አልሰማህም?»

«ልብ አላልኩትም» አለኝና ቀድሞኝ ደረጃውን ወጣ።

መርከቡ ትልቅ ስለሆነ ወደብ አይጠጋም፤ በትንንሽ ጀልባ ነው ሰው የሚወርደው። የእኛን ቡድን የያዘችው ጀልባ እኛን ብቻ ስትጠብቅ ደረስን። ተሳፋሪው በሙሉ ሰዓቱን እያየ በዓይኑ ተቀበለን። ታደለ አንገቱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሳቸው። እኔ ፊቴ ተቃጠለ።

የብስ ከወረድን በኋላ ትንሽ አውቶቡስ ተሳፈርን። እሱ በመስኮቱ በኩል፣ እኔ ከጎኑ በቀኙ ተቀመጥኩ። መንገዱ በጎማ ዛፎች መሀል እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ መኪናው ይንገጫገጫል፣ ኤሲው ያጓራል። ከእኛ በቀር አማርኛ የሚያውቅ የለም። ፊቴን ወደፊት አድርጌ፣ እጄን ቦርሳዬ ላይ አጣጥፌ፣ ስንት ወር ያብሰለሰልኩትን ተናገርኩት።

«ታደለ፣ ስንመለስ አስካለ ጋ ልገባ ነው። ለእረፍት አይደለም። ልለይህ ወስኛለሁ። ከእንግዲህ እንዲህ መኖር አልችልም።»

ታደለ በመስኮቱ ውጭውን እያየ ቆየ። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞር ብሎ ፈገግ አለ።

«አዎ፣ ደስ የሚል አገር ነው» አለኝ።

ያን ጊዜ የተሰማኝን በምን ቃል እንደምነግራችሁ አላውቅም። ቢሰድበኝ እመልስለት ነበር። ቢያለቅስ ምናልባት እራራ ነበር። እሱ ግን ሠላሳ ዓመት የኖርኩትን ኑሮ ዘግቼ መውጣቴን ስነግረው ስለ ዛፉ አወራኝ። «ይሄው ነው» አልኩ ለራሴ፤ «እንኳንም ወሰንኩ።» እስክንደርስ ድረስ ወደ እሱ አልዞርኩም።

መጠለያው በር ላይ አስጎብኚያችን ተቀበለችን። ኖይ ትባላለች፤ ቀጭን፣ ድምፅዋም እንደሷ ቀጭን የሆነ ወጣት ናት። በእንግሊዝኛ ደንቡን ነገረችን። አንለያይም። አንሮጥም። አንጮህም። እሷ ወደ ኋላ ስትል ሁላችንም ከእንጨቱ አጥር ኋላ እንገባለን። መጋለብ የለም፣ ማጠብም የለም። አንድ ቀይ ፊት ሰውዬ «እና ምን ልናደርግ መጣን?» አለ። «ልታዩአቸው» አለችው። በየሰዉ ክንድ ላይ ሙዝ የተሞላ ቅርጫት አንጠለጠሉልን። ሙዙን መጨረሻ ላይ በአጥሩ ላይ አሻግረን እንደምንሰጥ ተናገረች። ታደለ በትኩረት እያያት ራሱን ይነቀንቃል። የእኔን ቃል እንኳ እንዲህ አይሰማም ብዬ በገንኩ።

ዝሆኖቹ አልነበሩም። ሙቀቱ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ተጭኖናል፤ ትንኙ ይነክሳል። ቀይ ፊቱ ሰውዬ ያጉረመርማል፤ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ጉቶ ላይ ተቀምጣ ባርኔጣዋን ታራግባለች። ኖይ «ሲፈልጉ ነው የሚመጡት» ትለናለች። እኔ ስጠብቅ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እዚህም መጥቼ መጠበቄ አናደደኝ።

በመጨረሻ ከኩሬው ማዶ ሁለት ዝሆኖች ከዛፉ ጥላ ወጡ። ሰዉ ሁሉ ስልኩን አወጣ። ታደለ የተሻለ ፎቶ ላንሳ ብሎ ወደ ውሃው ተጠጋ፤ በቀርከሃው ቁጥቋጦና በኩሬው መሀል ባለው ጠባብ መንገድ ላይ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። እኔ ከዛፉ ሥር አልተንቀሳቀስኩም። ዝሆኑንም እሱንም ማየት አላሰኘኝም።

ቀርከሃው ሲሰበር ሰማሁ። ከታደለ በስተኋላ ቅጠሉ ተከፈለና አንዲት ትልቅ ዝሆን ብቅ አለች። አሮጊት ናት፤ የአንድ ጆሮዋ ጠርዝ ተቀዷል። ኖይ እጇን ዘርግታ «ወደ ኋላ፣ ሁላችሁም ወደ ኋላ» አለች። ሰዉ እየተገፋፋ ከአጥሩ ኋላ ገባ። እኔም ገባሁ። ታደለ እዚያው ቆሟል።

«ሰር!» አለች ኖይ። «ሰር፣ ፕሊስ!»

ታደለ ስልኩን ከፍ አድርጎ ያስተካክላል።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ መጀመሪያ የያዘኝ ፍርሃት አልነበረም፤ ብስጭት ነው። «ይሄው ደሞ ጀመረ። እኔን ሲንቀኝ ኖሮ አሁን የሰው አገር ሰው ፊት ያዋርደኛል» አልኩ። ዝሆን ከባድ ስለሆነ እርምጃው መሬት የሚያንቀጠቅጥ ይመስለኝ ነበር። ያቺ ግን በለስላሳ ነጠላ ጫማ እንደሚሄድ ሰው ድምፅ ሳታሰማ ትጠጋዋለች። የዝሆኗ ጠባቂ ከማዶ እየሮጠ በኩሬው ዙሪያ ሲመጣ አየሁት። አትሩጡ ተብለን ነበር፤ እሱ ሲሮጥ ሳይ ነው አደጋው የገባኝ።

«ታደለ!» ብዬ ጮህኩ። አትጩሁ መባሉን ረሳሁት። «ታደለ፣ ከኋላህ!»

አልዞረም።

ዝሆኗ ኩምቢዋን ዘርግታ ክንዱ ላይ ያለውን ቅርጫት ያዘችና ሳብ አደረገችው። ታደለ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ፣

«ቆይ አንቺ፣ አንድ ላንሳ» አለ።

እኔ መስዬው ነው። ደግማ ሳበችው። ዞረ። ፊቱን አየሁት፤ እንዲያ ያለ ፊት በሰው ላይ አይቼ አላውቅም። ቅርጫቱን ከክንዱ ሊያወልቅ ሲታገል እሷ ራሷን ወዘወዘችና ገፋችው፤ ጭቃው ላይ በጎኑ ወደቀ። አንድ እግሯ ከጉልበቱ አጠገብ ነበር። ጠባቂዋ ደረሰ፤ በዝቅተኛ ድምፅ፣ እንደሚያባብል አድርጎ አንድ ነገር አላት። እሷም ቅርጫቱን ይዛ ቀስ ብላ ዞረች፤ ሙዙን እያራገፈች ወደ ቀርከሃው ተመለሰች።

ታደለን አንስተው መጠለያ ጣሪያ ሥር አስቀመጡት። ክርኑ ተልጧል፤ ሌላ ጉዳት የለውም። ኖይ ከጎኑ ተንበርክካ፣

«የት ነው የጎዳዎት?» ብላ ጠየቀችው በእንግሊዝኛ።

«ከሜሪላንድ» አላት።

ሰዉ ድንጋጤው ለቀቀውና ሳቀ። ታደለም አብሮ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። እንዲህ ያለ መልስ አውቃለሁ። የማጥባቸው አሮጊት «ቁርስ ምን ልስራልዎት?» ስላቸው «ማክሰኞ ነው» ይሉኛል። የሰው ፊት አይተው፣ ጥያቄውን ገምተው፣ የገመቱትን የሚመልሱ ሰዎች ጋ ነው የምውለው።

ዞሬ ከጀርባው ቆምኩ። ጭቃውን ከስልኩ ላይ በመሀረብ እየጠረገ ነበር። «ታደለ» አልኩ በወትሮው ድምፄ። ስልኩን ይጠርጋል። ጨመር አድርጌ «ታደለ» አልኩ። ይጠርጋል። ቀጥዬ ያልኩት ነገር ለምን ከአፌ እንደወጣ ዛሬም አላውቅም።

«ልለይህ ነው» አልኩት።

ስልኩን አገላብጦ ጀርባውን መጥረግ ጀመረ።

ዞሬ ፊት ለፊቱ ቁጢጥ አልኩ። ዓይኑ አፌ ላይ አረፈ። ያን ቀን ነው ያየሁት፤ ዓይኔን ሳይሆን አፌን ነው የሚያየው።

«አትሰማም እንዴ?»

«ምን?»

«ጆሮህ! ጆሮህ አይሰማም ወይ?»

ግራ ቀኙን ቃኘ። «ቀስ በይ፣ ሰው አለ» አለኝ።

«እዚህ አማርኛ የሚያውቅ ማነው? ዝሆኗ ናት?»

ሌሎቹ ጎብኚዎች ዝሆኖቹን ወደሚያበሉበት አጥር ሄዱ። እኛ እዚያው አግዳሚ ላይ ቀረን። እጁን እያየ ተናገረ። መጀመሪያ የቀኙ ጆሮው ነው ያስቸገረው። የስልክ ድምፅ ጠፋበት፤ ወደ ግራ ቀየረ። ቀስ በቀስ የግራውም ደከመ። ሥራ ላይ የስምሪት ሰዎቹ በቴክስት እንዲልኩለት ለመናቸው፤ መንገደኛ የሚያወራውን በመስታወት አፉን እያየ ይገምታል።

«የሾፌር ምርመራውንስ እንዴት አለፍክ?»

«ሐኪሙ ከኋላ ቆሞ በሹክሹክታ ቁጥር ይናገራል። ድምፁ ወፍራም ነው። ግማሹን ሰማሁ፣ ግማሹን ገመትኩ። በዚህ መከር ደግሞ ሊጠሩኝ ነው።» ቀጥሎም እንዲህ አለ፦ «ፈቃዴን ከወሰዱብኝ ምን እሆናለሁ ብዬ ነው።»

«እሺ ለእነሱ ደበቅክ። ለእኔስ?»

«ላንቺማ…» አለና መሀረቡን አጣጠፈው። «አንቺ ቀኑን ሙሉ ሽማግሌ ስታጥቢ ትውያለሽ። ማታ ደሞ ሌላ በሽተኛ ልሁንብሽ? ብትቆጪኝ ይሻለኛል ብዬ ነው።»

አቅፌው አለቀስኩ ብዬ እንድጽፍላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። አላቀፍኩትም። የባሰ ነደድኩ። የሰው ነፍስ ጭኖ፣ ጆሮ ሳይኖረው፣ በዚያ ሁሉ ትራፊክ መሀል! እኔም በባዶ ቤት ስጮህ፣ ምን አጠፋሁ እያልኩ ራሴን ስመረምር፣ ፀጉሬን ስቀይር፣ ወጡን ስቀይር፣ ከዚያም ተስፋ ቆርጬ አፌን ስዘጋ! አንድ ቃል ነበር ያስፈለገኝ። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አወረድኩበት። ከግማሽ በላዩን እንዳልሰማው አውቃለሁ፤ ግን ፊቴን አይቶ ገብቶታል።

ስጨርስ እንዲህ አለኝ፦ «ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ ምን ብለሽኝ ነበር? አንድ ነገር ስትይ አይቻለሁ።»

እዚያ ላይ መዋሸት እችል ነበር። «ስለ ሙቀቱ ነው» ብለው ያልፍ ነበር። አየሁት፤ ክርኑ ላይ ፋሻ፣ ሱሪው ላይ ጭቃ። ሁለታችንም በተደባበቅንበት ይብቃን አልኩና ፊቱን በደንብ እያየሁ ነገርኩት።

«አስካለ ጋ ልገባ ነው። ልለይህ ወስኜ ነበር።»

«ደግመሽ በይው» አለኝ።

«ሰምተሃል።»

«የሰማሁ መሰለኝ። እንዳልሳሳት ነው።»

ደግሜ ጮክ ብዬ ተናገርኩት። አጥሩ ጋ ያሉት ሰዎች ዞረው አዩን። ታደለ ራሱን ነቀነቀ። ኖይ መጥታ እንሂድ ስትለን ተነሳ። ያኔም የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«አስካለ ታውቃለች?»

«ታውቃለች።»

«እኔ ነኛ መጨረሻ የሰማሁት» አለ።

አውቶቡሱ ውስጥ ስንገባ በቀኙ እንድቀመጥ ብሎ ሊያሳልፈኝ ነበር፤ ከዚያ ቆም ብሎ «አይ፣ ግራው ይሻላል» አለና እሱ ቦታ ቀየረ። እንዲህ ያለ ነገር ሲናገር የመጀመሪያው ነበር።

ሲልቨር ስፕሪንግ እንደተመለስን የጆሮ ሐኪም ጋ ሄድን። ሐኪሟ መስመር የተሳለበት ወረቀት እያሳየችን ቀጭን ድምፅ ቀድሞ እንደሚጠፋ፣ የሴትና የሕፃን ድምፅ እንደሚከብደው፣ ወፍራም የወንድ ድምፅ ግን ገና እንደሚደርሰው አስረዳችን። ጓደኞቹን የሚሰማው፣ እኔን የማይሰማው ለዚህ ነበር። ከእነሱም ጋር ቢሆን ሲስቁ አይቶ የሚስቅበት ጊዜ እንደሚበዛ ነገረኝ። የዚያን ያህል ዓመት ቂሜን የገነባሁበት መሠረት አንዲት ወረቀት ላይ ተደረመሰ። ይበልጥ ያበሳጨኝ ግን ሌላው ነው። ድምፅ የሚያጎላ ማዳመጫ አድርጎ የሾፌሩን ፈተና ማለፍ ይቻል ነበር። የፈራው ነገር መላ ነበረው። ጠይቆ ቢሆን ኖሮ።

ለአለቆቹ ራሱ ሄዶ ተናገረ። መሪውን እንደገና መያዝ አልፈለገም። ቤት ተቀምጦ ሥራ ሲፈልግ ብዙ ወር ቆየና እዚያው አርሊንግተን አንድ ሆቴል ዕቃ ክፍል ገባ። ደሞዙ ያንሳል። አሁንም ያንን ሻትል መንገድ ላይ ሲያይ ፊቱ ይጠቁራል።

እኔም አሌክሳንድሪያ ሄድኩ። ይህን ሲሰማ ብዙ ሰው ይፈርድብኛል። አስካለ ራሷ በሩን ከፍታ፣ «ችግሩ ጆሮው መሆኑን ካወቅሽ በኋላ? ሰው ምን ይላል?» አለችኝ። ጆሮው ለምን እንዳልመለሰልኝ ይነግረኛል፤ ለምን እንዳልነገረኝ ግን አይነግረኝም አልኳት። ያኛው ነገር ጊዜ ይፈልግ ነበር።

ታደለ እሁድ እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ ይመጣል። አስካለ የቤቷ ምግብ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ታስቀምጠንና ወደ ላይ ትወጣለች። መጀመሪያ ላይ አታካች ነበር። ማዳመጫው ሳህን ሲጋጭ ያስደነግጠዋል፤ የፍሪጁን ድምፅ ሰምቶ «ምንድነው የሚያጉረመርመው?» ይላል። እኔ ስናደድ ፊቴን አዞራለሁ፤ እሱ «ወደዚህ» ይላል በእጁ። ተናድዶ ሰውን ፊት ለፊት እያዩ መናገር እንዴት እንደሚከብድ ሞክሩት። ግማሹ ንዴት መንገድ ላይ ይቀራል።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ እቤታችሁ ዝም የሚል ሰው ካለ ሐኪም ጋ ውሰዱት ብዬ ልመክራችሁ አልተነሳሁም። ዝም የሚለው በእርግጥም ሰልችቶት የሚሆንበት ቤት ሞልቷል። እኔ የምለው ከሰው ፊት ሳትቆሙ ፍርድ አትጨርሱ ነው። እኔ ከጎኑ ተቀምጬ፣ ወደፊት እያየሁ ነበር የፈረድኩት። እናንተ የምትደብቁትም፣ የቤታችሁ ሰው ዝምታችሁን በባዶው እንደማይተወው እወቁት። የራሱን ታሪክ ይሞላበታል፤ የሚሞላው ደግሞ ከእውነቱ የከፋውን ነው።

ወደ ታደለ ለመመለስ የወሰንኩት ፋሲካ ሲቃረብ፣ እዚያው አስካለ ቤት ነው። እሁድ ቀን ነበር። ለታደለ አንድ ሐሳብ አቀረብኩለት፤ የሲልቨር ስፕሪንጉን አፓርታማ ለቅቀን ስፕሪንግፊልድ እንከራይ፣ ለዘመዶቹም ለአስካለም እንቀርባለን አልኩት። ረጅም ነገር ነው የተናገርኩት፤ ምክንያቱን፣ የትራፊኩን ነገር፣ የሥራዬን ነገር ዘረዘርኩ። አፌን ሳይለቅ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«ሰምቼሻለሁ» አለኝ። «ግን አልስማማም።»

ለምን አትስማማም አልኩ። አርሊንግተን ይርቀኛል አለ። ሲልቨር ስፕሪንግም አይቀርብህም አልኩ። የሜትሮ ባቡሩ አለ አለኝ። አንዱን ስመልስ ሌላ ያመጣል፤ ጠረጴዛውን መታሁ፤ እሱም ድምፁን ከፍ አደረገ። አስካለ ተጣሉ ብላ ደንግጣ ከላይ ሮጣ ወረደች።

«ምን ሆናችሁ?» አለች ደረጃው ላይ ቆማ።

«ምንም» አልኳት፤ «እየተከራከርን ነው።»

ታደለ ወደ እሷ ዞር ብሎ ምን እንዳለች ጠየቀኝ። ነገርኩት። ከዚያ ካቆምንበት ቀጠልን።